ዕድሜ ሲረዝም ዘመንም ይለወጣል



በአገራችን ምርቃት ሲጀመር ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ዕድሜ ነው። «ዕድሜና ጤና ይስጥህ»፣ «ዕድሜህን ያርዝመው»፣ «ለልጅ ልጅ ያብቃሽ» እየተባልን አድገናል፤ እኛም እጃችንን ዘርግተን «አሚን» ብለናል። ነገር ግን ረጅም ዕድሜ ብቻውን አይመጣም። የለመድነው ጎረቤት ይሄዳል፣ የኖርንበት ሰፈር ይፈርሳል፣ ጉልበት ይደክማል፣ ትናንት አዝለን ያሳደግነው ልጅ ዛሬ የቤቱ አዛዥ ይሆናል። የምናውቀው ነገር ፈላጊ ያጣል፤ የሚፈለገውን ነገር ደግሞ አናውቀውም። «አሚን» ስንል ይህንንም ሁሉ አብረን ለምነናል ማለት ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሰዎች ሁሉ በላጩ ማን እንደሆነ ተጠይቀው ሲመልሱ፣ ዕድሜው ረዝሞ ሥራው ያማረለት መሆኑን እንደነገሩን ቲርሚዚ ዘግበዋል። የዕድሜው መርዘም ከሥራው ማማር ጋር ተያይዞ መነሣቱን ልብ እንበል። በሃያ ዓመት ጉልበት የሚያምር ሥራና በሰባ ዓመት ጉልበት የሚያምር ሥራ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ሥራው እስከ መጨረሻው እንዲያምርለት የሚሻ ሰው አሠራሩን ከዕድሜውና ከዘመኑ ጋር ማስማማት ግድ ይሆንበታል።

ጉዳዩ የጥቂት ቤተሰቦች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ አንድ ኢትዮጵያዊ ሲወለድ በአማካይ ይኖራል ተብሎ የሚገመተው ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ደርሷል። ለዚህ አንዱ ትልቅ ምክንያት የሕፃናት ሞት መቀነሱ ቢሆንም፣ አረጋውያንም በቁጥር እየበዙ ነው። እንግዲህ በየቤታችን አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አብረው ይኖራሉ፤ ሦስቱም የሚያውቁት ዓለም የተለያየ ነው። ዛሬ በዚህ ላይ ከሰፈራችን ከጉለሌ ተነሥተን ጥቂት እንወያይ።

የሸጎሌው ባለ ዕድሜ

በጉለሌ «ሸጎሌ» የሚባለውን ሰፈር የማያውቅ የለም። ስሙ ከየት እንደመጣ የሚያውቁት ግን ብዙ ወጣቶች አይደሉም። ሸጎሌ የተባሉት የአሶሳው ገዥ ሼኽ ኾጀሌ አል-ሐሰን ናቸው። በዚሁ ሰፈር የነበራቸው ግቢና ቤት የከተማችን ቅርስ ሆኖ ይታወቃል፤ ሰፈሩም በስማቸው ተጠርቶ ቀርቷል።

ሼኽ ኾጀሌ እ.ኤ.አ. በ1938 በከፍተኛ ዕድሜ ነው ያረፉት። ዕድሜያቸው ያሳለፈው ዘመን ሲቆጠር ያስገርማል። በተወለዱበት በቤኒ ሻንጉል ምድር የቱርክና የግብፅ ኃይል ደርሶ ነበር፤ እሱ ሲወድቅ የሱዳን መህዲስቶች ተነሡ። ከዚያ በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ዘመቻ መጣና አገሩ በአፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ሆነ። ሼኽ ኾጀሌም ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ለዓመታት በእስር ቆዩ። ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር። እሳቸው ግን ከእስር ወጥተው የአሶሳ ገዥ ሆኑ፤ ለቤተ መንግሥቱ ወርቅ እየገበሩ፣ በሩቁ ጠረፍና በአዲስ አበባ መካከል እየተመላለሱ በምኒልክ፣ በልጅ ኢያሱ፣ በንግሥት ዘውዲቱና በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ኖሩ፤ የጣልያንንም ወረራ አዩ። ከበረሃው ጠረፍ የመጡት ሼኽ፣ ብርድ በሚበዛበት በእንጦጦ ግርጌ ቤት ሠርተው የመናገሻይቱ ነዋሪ ሆኑ።

ታሪካቸውን ያነሣነው ሁሉ ነገራቸው አርአያ ይሁን ለማለት አይደለም፤ ወደዚህ ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ለጊዜው የምንይዘው አንድ ነገር ነው። አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ ውስጥ ይህን ሁሉ መንግሥትና ይህን ሁሉ አገር መልመድ ይችላል። «አርጅቻለሁ፣ ከእንግዲህ አልለምድም» የሚል አባት በሸጎሌ በኩል ሲያልፍ ይህንን ቢያስታውስ መልካም ነው።

አንድ አባት፣ ስንት ዘመን?

ይህን ያህል ወደ ኋላ ሳንሄድ በየቤታችን ያሉትን አባቶች እንመልከት። በ1935 ዓ.ም. የተወለደ አንድ የጉለሌ አባት ዛሬ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል። ገና እናቱ ስታዝለው፣ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጥቶ የማርያ ቴሬዛን ብር መተካት ጀመረ። በ26 ዓመቱ፣ በ1961 ዓ.ም.፣ በሼኽ ሰዒድ ሙሐመድ ሳዲቅና በሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የተተረጎመው የአማርኛ ቁርኣን ታተመ። በ31 ዓመቱ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ሙስሊሙ የእኩልነት ጥያቄውን ይዞ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጣ፤ ክርስቲያን ወንድሞችም አብረውት ተሰለፉ። በተከታዩ ዓመት ዒድ አል-ፊጥር፣ ዒድ አል-አድሐና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆነው ታወጁ። ያን ጊዜ ያለቀሱ አባቶች ነበሩ፤ የደስታ ልቅሶ።

በዚያው በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ባለቤት የነበረው ትርፍ ቤቱን አጣ፣ ተከራይ የነበረው የቀበሌ ነዋሪ ሆነ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። በ1995 ዓ.ም. ከተማዪቱ በክፍለ ከተሞች ተዋቀረች፤ ጉለሌም ክፍለ ከተማ ሆነች። በ2013 ዓ.ም. የብር ኖቶቹ ተለወጡ፤ በዚያው ዓመት ቴሌብር ሥራ ጀመረና ገንዘብ ከኪስ ወጥቶ ስልክ ውስጥ ገባ። አባታችን ያን ጊዜ 78 ዓመቱ ነበር።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ! «አባባ ለውጥ አይወዱም» ከማለታችሁ በፊት ይህን ቁጠሩ። እናንተ በዕድሜያችሁ ያያችሁት ለውጥ የእሳቸውን ሩብ አያህልም። ለመቀበል አለመቸገር ከእናንተ ይልቅ የእሳቸው ሙያ ነበር። ምናልባት አሁን የደከሙት ለውጥ ስላልለመዱ ሳይሆን፣ የአሁኑን ለውጥ ቀስ ብሎ የሚያስረዳቸው ሰው ስላጡ ይሆናል።

ምኑ ይለወጥ? ምኑ ይጽና?

በዚህ ጉዳይ ሰዎች በሁለት በኩል ይስታሉ። አንዳንዱ የለመደውን ሁሉ ሃይማኖት ያደርገውና አዲስ የሆነውን ሁሉ ይሸሻል። አንዳንዱ ደግሞ አዲስ የሆነውን ሁሉ ጥሩ ነው ብሎ ይይዝና ሰላቱንም ሐያዉንም እንደ አሮጌ ልብስ ይጥላል። ሁለቱም መለያ መስመሩን አላዩትም።

መስመሩን ለማየት ከቅዱስ ቁርኣን ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ቁርኣን በሰዎች ልብ ተሸምድዶ፣ በአጥንት፣ በቆዳና በዘንባባ ዝንጣፊ ላይ ተጽፎ ነበር። በየማማ ጦርነት ብዙ ሐፊዞች ሲሞቱ ዑመር (ረ.ዐ.) በአንድ ላይ እንዲሰበሰብ ለአቡበክር (ረ.ዐ.) ሐሳብ አቀረቡ። አቡበክር በመጀመሪያ፣ የአላህ መልእክተኛ ያልሠሩትን እንዴት እንሠራለን ብለው አመነቱ። ሥራው የተሰጠው ዘይድ ኢብን ሣቢትም (ረ.ዐ.) እንዲሁ አመነታ። በኋላ ግን አላህ ልባቸውን አሰፋውና ተስማሙ። ይህን ቡኻሪ ዘግበውታል። ከዚያ በዑስማን (ረ.ዐ.) ዘመን ቅጂዎች ተባዝተው ወደ አገሮች ተላኩ፤ ቆይቶ ዐረብ ያልሆነው ሙስሊም እንዳይሳሳት በፊደሎቹ ላይ ነጥብና ምልክት ተጨመረ፤ ከዚያ ማተሚያ መጣ። እኛ በልጅነታችን በሉሕ ላይ በቀለም ጽፈን፣ ሐፍዘን፣ አጥበን እንደገና ጽፈናል። ዛሬ የልጆቻችን ሙስሐፍ በስልክ ውስጥ ነው። ቃሉ ግን አንዲት ፊደል አልተለወጠችም።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። የተጠበቀው ይጽናል፤ መያዣው ይለወጣል። እንዲያውም መያዣው ባይለወጥ ኖሮ የተጠበቀውን ለእኛ ማድረስ ይቸግር ነበር። አቡበክርና ዘይድ ማመንታታቸውም ነውር አልነበረም። አዲስ ነገር ሲመጣ ቆም ብሎ መጠየቅ የአስተዋይ ሰው ጠባይ ነው፤ ማስረጃው ሲገለጥ መቀበል ደግሞ የትሑት ሰው ጠባይ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

አሁን ወደ ሼኽ ኾጀሌ እንመለስ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን በዚያ ዘመን ከቤኒ ሻንጉል ከወርቅ ጋር ባሪያም ይወጣ ነበር፤ የሼኹ ቤትም ከዚህ ንግድ ንጹሕ አልነበረም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስወገድ ቃል ገብታ ነበር። ከዚያም በፊት ባሪያን ነፃ ማውጣት ከታላላቅ በጎ ሥራዎች መቆጠሩን የአል-በለድ ምዕራፍ ያስተምረናል። ሼኹ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ራሳቸውን አስማምተዋል፤ በዚህ ጉዳይ ግን የአካባቢያቸው ልማድ በረታ። እንግዲህ ለውጥን የመቀበል ችሎታ ብቻውን አይበቃም። ለገዥው፣ ለገበያውና ለጊዜው ሁሉ እየተመቻቸን፣ ሰውን የሚጎዳ ልማዳችንን ግን እንደያዝን ልናረጅ እንችላለን። አላህ የሕዝቦችን ሁኔታ እነርሱ በነፍሶቻቸው ያለውን እስኪለውጡ ድረስ እንደማይለውጥ የአር-ረዕድ ምዕራፍ ሲነግረን፣ ለውጡ ከየት መጀመር እንዳለበት እያመለከተን ነው።

በሽበት የተጀመረ ሕይወት

ብዙ አረጋውያን አዲስ ነገርን የሚሸሹት ከስንፍና አይደለም። ውስጣቸው አንድ ፍርሃት አለ። «አሁን ብለወጥ እስከ ዛሬ የኖርኩት ከንቱ ነበር ማለት ነው» ብለው ይሰጋሉ። ይህ ከባድ ፍርሃት ነው፤ መልሱ ግን በሶሓቦች ታሪክ ውስጥ አለ።

ሐኪም ኢብን ሒዛም (ረ.ዐ.) መካ ስትከፈት ሲሰልም ዕድሜው ስድሳ አካባቢ ነበር። ሊቃውንት እንደሚሉት 120 ዓመት ገደማ ኖሯል፤ ግማሹን በጃሂሊያ፣ ግማሹን በኢስላም። በጃሂሊያ ዘመኑ ምጽዋት ይሰጥ፣ ባሪያ ነፃ ያወጣ፣ ዝምድና ይቀጥል ነበርና፣ ያ ሁሉ መልካም ሥራ ዋጋ ይኖረው እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቀ። እርሳቸውም ከቀደመው በጎ ሥራው ጋር እንደሰለመ ነገሩት። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም ውስጥ ይገኛል። ሐኪም አዲሱን ሕይወት ሲጀምር የድሮው መልካምነቱ አልተጣለበትም፤ ይዞት ገባ። ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን ይህን ልንነግራቸው ይገባል። አዲስ ነገር ተማሩ ስንላቸው የኖሩበትን እየናቅን አለመሆኑን ካወቁ ልባቸው ይከፈታል።

ወጣቶችም ከአቡ ቁሓፋ (ረ.ዐ.) ታሪክ የምትማሩት አለ። እርሱ የአቡበክር አባት ነው። በመካ መከፈት ጊዜ ፀጉሩ ፍጹም ነጭ፣ ዓይኑም የጠፋ ሽማግሌ ነበር። አቡበክር እጁን ይዞ ወደ ነቢዩ ሲያመጣው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሽማግሌው በቤቱ ቢቆይና እርሳቸው ራሳቸው ቢሄዱለት ይሻል እንደነበር ተናገሩ። የአላህ መልእክተኛ፣ መካን የከፈቱ መሪ፣ ወደ አንድ ሽማግሌ ቤት ለመሄድ ፈለጉ! ሽማግሌን ወደ አዲስ ነገር የሚጠራ ሰው አጠራሩ እንዲህ መሆን አለበት።

ከኋለኞቹ ዑለሞችም ታላቁ የሻፊዒ ሊቅ አል-ቀፋል አል-መርወዚ ቁልፍ ሠሪ ነበሩ፤ ፊቅህ መማር የጀመሩት ሠላሳ ዓመት ከሆናቸው በኋላ መሆኑ ተጽፏል። ሉሕ ይዘው ከልጆች ጋር ባለመጀመራቸው ዒልሙ አልቀረባቸውም።

ሸሪዓችን ለዕድሜ ቦታ ሰጥቷል

ቤታችን ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናየው አንድ ነገር አለ። ጉልበታቸው የታመመ እናት ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዲሰግዱ ሲነገራቸው «ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ ሰግጄ አሁን እንደ ሰነፍ ልቀመጥ?» ይላሉ። የስኳር ሕመም ያለባቸው አባት ሐኪም እንዳይጾሙ ሲከለክላቸው መድኃኒቱን ትተው ይጾማሉ። ኢማናቸውን አላህ ይቀበላቸው፤ ነገር ግን ሸሪዓው ራሱ ምን አላቸው?

ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ.) ሕመም በነበረበት ጊዜ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ሰላት ሲጠይቅ፣ ቆሞ እንዲሰግድ፣ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ካልቻለ በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ አዘዙት። ነቢዩን አሥር ዓመት ያገለገለው አነስ ኢብን ማሊክም (ረ.ዐ.) መቶ ዓመት ገደማ ኖሮ፣ ሲያረጅ መጾም አቃተው። በጾሙ ፋንታ በየቀኑ ድኻ ያበላ እንደነበር ቡኻሪ አስፍረዋል። አነስ በዒባዳ ከእኛ ያነሰ ሰው አልነበረም። አላህ ያገራለትን መቀበል ራሱ ዒባዳ መሆኑን ስላወቀ ተቀበለ።

ስለዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትሰግድ እናት ከደረጃዋ አልወረደችም። ቆማ ስትሰግድ የታዘዘችውን ትፈጽም ነበር፤ ተቀምጣ ስትሰግድም የታዘዘችውን እየፈጸመች ነው። የጾምን ጉዳይ ደግሞ ከታማኝ ሐኪምና ከዓሊም ጋር ተማክሮ መወሰን ይገባል።

በሥራም ቢሆን እንዲሁ ነው። በሽሮ ሜዳ ያሉትን ሸማኔዎች ተመልከቱ። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። ዓይኑ የደከመ አባት ረቂቁን ጥለት ለልጁ ይተውና ማግ በቀሰም ላይ ያጠነጥናል፣ ክር ይመርጣል፣ ደንበኛ ያነጋግራል፣ የልጁን ሥራ ይመረምራል። በማሽን የታተመ የሐበሻ ልብስ ከውጭ እየገባ ገበያውን ሲሻማ፣ አዲስ ቀለምና አዲስ ጥለት ፈልገው የጸኑ አሉ። እጁ ቢደክምም ያወቀው አልጠፋም፤ የሚሠራበት ቦታ ብቻ ተለወጠ። በየሙያችን ይህን ማየት እንችላለን።

ከዐስር በኋላ ባለው ክፍል

እኛ በምናስተምርበት ክፍል ከዐስር ሰላት በኋላ ከሚመጡት መካከል ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናቶች አሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በጆሮ የያዙትን ፋቲሓ ፊደሉን እያዩ ለማስተካከል ነው የሚመጡት። አንዲት እናት በመጀመሪያው ሳምንት «ኡስታዝ ልጄ፣ ምላሴ ደርቋል፤ ተወኝ» አሉን። «እማማ፣ ዛሬ አንዲት ፊደል ብቻ» አልናቸው። በማግስቱ ያችኑ ፊደል ደገምን። ፋቲሓን ለመጨረስ ወራት ፈጀባቸው። የጨረሱ ዕለት «አሁን አላህ ፊት ስቆም የምለውን አውቃለሁ» ብለው አለቀሱ። ቁርኣንን እየተንተባተበ፣ እየከበደው የሚያነብ ሰው ሁለት ምንዳ እንዳለው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የነገሩን ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ ነው።

የሚያስደንቀው ነገር፣ ከእነዚህ እናቶች አንዳንዶቹ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ መሆናቸው ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረውና በ15 ቋንቋዎች በተሰጠው በዚያ ትምህርት ብዙ የጎልማሳ ሰዎች እርሳስ መያዝ ለመዱ፤ በ1972 ዓ.ም. አገራችን በዚሁ ምክንያት ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች። አንድ ጊዜ በጎልማሳነት የተማረ ሰው በእርጅናም መማር እንደማያቅተው ያውቃል።

ካየነው ተነሥተን ለአረጋውያን ጥቂት ምክር እንለግስ።

አንደኛ፣ «ጭንቅላቴ አይቀበልም» ከማለት በፊት ዓይን መታየት አለበት። ከአርባ ዓመት በኋላ ቅርብ ያለውን ማየት ለሁሉም ሰው እያቃተ ይሄዳል። መማር ያቃታቸው የመሰላቸው ብዙዎች የጎደላቸው የንባብ መነጽርና ፊደሉ ትልቅ የሆነ ሙስሐፍ ብቻ ነው። ጆሮም እንዲሁ ይመርመር። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የባለሙያዎች ጥናት፣ የመርሳት በሽታን ከሚያባብሱ ልንከላከላቸው ከምንችላቸው 14 ነገሮች መካከል ያልታከመ የመስማትና የማየት ችግር፣ ብቸኝነትና የትምህርት ማነስን ቆጥሯል።

ሁለተኛ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ግን በየቀኑ። ከአላህ ዘንድ የተወደደው ሥራ ቢያንስም የሚዘወተረው መሆኑ ለዕድሜ ባለጠጎች ታላቅ ብሥራት ነው።

ሦስተኛ፣ ጀማዓን አለመተው። ብዙ አባቶች በልማት ምክንያት ከኖሩበት ሰፈር ተነሥተው ሩቅ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ቤቱ አዲስ ሲሆን ሰው ይጠፋል። በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት የሰፈሩን መስጊድ መፈለግ፣ ከኢማሙ ጋር መተዋወቅ፣ ዕድር መግባት ከዕቃ ማደራጀት መቅደም አለበት።

አራተኛ፣ ሥልጣንን በጊዜው ማስረከብ። ነቢዩላህ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) የካዕባን መሠረት ያነሡት ከልጃቸው ከኢስማዒል (ዐ.ሰ.) ጋር ነው። ልጁን በሥራው ያላሳተፈ አባት በደከመ ጊዜ የሚረከበው አያገኝም።

ለወጣቶችም አለን። አባታችሁ ስልክ ሲቸግራቸው ስልኩን ከእጃቸው ነጥቃችሁ አትሥሩላቸው። በእጃቸው ይንኩት፣ ይሳሳቱ፣ ይድገሙት። የቴሌብር የምሥጢር ቁጥራቸውን ለማንም፣ ለእናንተም ጭምር፣ እንዳይናገሩ አስተምሯቸው፤ ሽልማት ደረሰዎት የሚል አጭበርባሪ ሲደውል ምን እንደሚመልሱ አለማምዷቸው። በእንግዳ ፊት «አባባ አያውቁም» አትበሉ። አላህ ወላጆቻችንን «ኡፍ» እንኳ እንዳንላቸው አዟል፤ የዛሬው ኡፍታ ብዙ ጊዜ በቃል ሳይሆን ስልክ እያዩ በሚሰጥ መልስ ውስጥ ይገኛል። እናንተም በተራችሁ የማታውቁት ነገር የሚመጣበት ቀን አለ፤ ያን ጊዜ የሚያስተምራችሁ ልጅ ዛሬ የምታደርጉትን እያየ ነው።

የእንጦጦ ዛፎች

ከጉለሌ ቀና ብለን ስናይ እንጦጦ አለ። ጥንት ደኑ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ ሲራቆት፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ ከተማዪቱን አዳናት። ሴቶቻችን እንጨቱን በጀርባቸው ተሸክመው ልጆች አሳደጉበት። ዛሬ ደግሞ በዚያው ተራራ ላይ በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አገር በቀል ዛፎች እየተመለሱ ነው፤ ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው። ለአንዱ ዘመን መፍትሔ የነበረው ለሌላው ዘመን ማስተካከያ ያስፈልገዋል። ተራራው ግን ያው እንጦጦ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቂያማ ሊቆም እንኳ ቢሆን፣ በእጁ ችግኝ ያለ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክለው መክረዋል። ፍሬውን የማይበላ፣ ጥላው ሥር የማይቀመጥ ሰው እንዲተክል ከታዘዘ፣ በሰማንያ ዓመት አንዲት አያት ለመማር፣ በሰባ አምስት ዓመት የልጅ ልጅን ለማስታረቅ፣ በስድሳ አምስት ዓመት አዲስ ጎረቤት ለማፍራት ጊዜው አልፏል ማለት አንችልም።

አላህ (ሱ.ወ.) ዕድሜያችንን በመልካም ሥራ ያርዝምልን። የሚጸናውን እንድንጠብቅ፣ የሚለወጠውን በጥበብ እንድንለውጥ ይርዳን። አባቶቻችንንና እናቶቻችንን በዒዝ ያኑርልን፤ ልጆቻችንንም የእነርሱ አገልጋዮች ያድርግልን። አሚን።